ለአንዲት ቢጫ መስመር ብዬ

ሰው የሚጸጸትበት ነገር ቢያንስ ለሰው ሲነግሩት የሚገባ መሆን ነበረበት። አንዱ በንዴት የፈታትን ሚስቱን ያነሳል፤ ሌላው ሳልጠይቀው ሞተብኝ ብሎ ወንድሙን ያስታውሳል፤ ሰሚውም ከንፈሩን ይመጥለታል። የእኔን ጸጸት ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ስለ ኮምፒውተር ሩብ ሰዓት ማውራት አለብኝ። ሩብ ሰዓቷ ሳታልቅ ደግሞ ሰሚዬ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ይጀምራል። ባለቤቴ ራሷ ሦስት ጊዜ ጀምሬላት ሦስቱንም ጊዜ ተኝታብኛለች። እናንተ የጀመራችሁትን የምትጨርሱ ሰዎች ትመስላላችሁና ለእናንተ ልንገራችሁ።

የምሠራው ከሚሴ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። መታወቂያዬ ላይ "የአይሲቲ ባለሙያ" ይላል። ይህም ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራ፣ የሰው ስልክ አልከፍት ሲል የምጠራ፣ አንዴም የስብሰባ አዳራሹ ቬንትሌተር ሲንጫጫ ተጠርቼ ወንበር ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ ማለት ነው። የተማርኩት ኮድ መጻፍ ነው፤ ጻፍ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ኃላፊያችን አቶ ጀማል አንድ ቀን ቢሯቸው ጠርተው "የመዝገብ ቤቱን የስም ጣጣ በኮምፒውተር አንድ ነገር አድርግልን" ሲሉኝ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ ነው የወጣሁት።

የስሙ ጣጣ ይህ ነው። እኛ አገር ገበያ መሐል ቆማችሁ "መሐመድ!" ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያያችኋል። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው ሙሐመድ ይላል፣ ሦስተኛው ሙሀመድ ብሎ ይጽፋል፣ አራተኛው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ያሰፍረዋል። ባለመዝገቡ ሲመጣ አንዱ ሰውዬ አራት ቦታ ይፈለጋል። እኔ ይህን ሁሉ አጻጻፍ ወደ አንድ የሚያመጣ ፕሮግራም ልጽፍ ተነሳሁ።

መዝገብ ቤቱ የእትዬ ዘሃራ ግዛት ነው። እትዬ ዘሃራ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሩቅያ ትባላለች፤ ባቲ ነው ያገባችው። ያን ሰሞን ሩቅያ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። እትዬ ዘሃራ ለዚህች ቀን ብለው የዓመት ፈቃዳቸውን ሳይነኩት አቆይተዋል፤ ቅዳሜ ባቲ ሊሄዱ ጓዛቸውን ሸክፈዋል። አቶ ጀማል ፈቃዱን የሰጡት ግን አንድ ቃል አስገብተዋቸው ነው፤ እሳቸው በሌሉበት መዝገብ ፈላጊ እንዳይቸገር ዝርዝራቸውን ለቀሪዎቹ እንዲተዉ።

ዝርዝሩ ምን መሰላችሁ? እትዬ ዘሃራ ለዓመታት በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ የጻፉት ነው። የመሐመዶች ነገር እሳቸውንም ስላስቸገራቸው፣ ከስሙ ጎን ሰውየውን ጻፉት። "መሐመድ አህመድ፣ ሲስቅ አፉን የሚሸፍነው፣ ከበሩ በስተግራ ሦስተኛው መደርደሪያ።" "መሐመድ አህመድ፣ ሰንበቴ ገበያ ግመል የሚያሻሽጠው፣ መዝገቡ ከወንድሙ መዝገብ ጋር ተደርቦ የሚገኝ።" "መሐመድ አህመድ፣ ፎርም ሙላ ሲባል የሚቆጣው።" እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንድ ቀን በትከሻቸው አጮልቄ አንብቤ ሳቄን ዋጥኩ። ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መረጃ ነው አልኩ በልቤ። የእኔ ፕሮግራም ይህን ሁሉ ዝባዝንኬ ታሪክ ያደርገዋል ብዬም አሰብኩ። አደረገውም፤ ግን እንዳሰብኩት አልነበረም።

የራሴ ማሽን ተበላሽቶ ነበር፤ ፕሮግራሙም ወደፊት የሚያገለግለው መዝገብ ቤት ስለሆነ ሰኞ ጠዋት እትዬ ዘሃራ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ለአቶ ጀማልና ለክፍል ኃላፊዎች ሐሙስ ላሳይ ቀጠሮ ይዣለሁ።

አሁን ሩብ ሰዓቷን ስጡኝ፤ አሳጥራታለሁ። ኮድ የምንጽፍበት ሶፍትዌር ኤዲተር ይባላል። ጥሩ ኤዲተር ሁለት ፊደል ስትጽፉለት የቀረውን ገምቶ ያቀርብላችኋል። ሞጁል የምንለው ደግሞ ሌላ ፋይል ላይ ጽፈን ያስቀመጥነው፣ ሲያስፈልገን በስሙ የምንጠራው የኮድ ቁራጭ ነው። የሞጁሉን ስም ጽፋችሁ ነጥብ ስታደርጉ፣ ኤዲተሩ በውስጡ ያለውን ሁሉ ከሥር በዝርዝር ያወርድላችኋል፤ የእናንተ ሥራ መምረጥ ብቻ ነው። እኔም ሞጁሌን ጻፍኳት፤ "ስሞች" ብዬ ሰየምኳት፤ ለብቻዋ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጬ ከዋናው ፋይል ላይ ጠራኋት። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ሠራ! ሙሐመዱም ሙሀመዱም መሐመድ ሆኖ ወጣ።

እዚህ ላይ ተነስቼ ምሳዬን በልቼ ቢሆን ኖሮ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ነገር ግን ከሞጁሌ ስም ሥር አንዲት ቢጫ ሞገደኛ መስመር ተሰምራለች። ሞገደኛ ስል ቅርጿንም ጠባይዋንም ነው። ማውሱን ሳስጠጋባት "ይህን ሞጁል ላገኘው አልቻልኩም" ትላለች። ነጥብ ባደርግ፣ ብጠብቅ፣ ነጥቧን አጥፍቼ እንደገና ባደርግ የሚወርድ ዝርዝር የለም። ፕሮግራሙ ሲሄድ ሞጁሏን ያገኛታል፤ ኤዲተሩ ግን በሕይወቴ አይቻት አላውቅም ይላል።

ሥራው እስከሠራ ድረስ ምን ቸገረህ የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ላውጣው። ፕሮግራሙን አንድ መስመር ሳልጽፍለት በፊት ያሰብኩት ሐሙስን ነበር። አቶ ጀማል ከኋላዬ ቆመዋል፤ የክፍል ኃላፊዎቹ አንገታቸውን አስግገዋል፤ እኔ ነጥቧን ጠቅ ሳደርግ ዝርዝሩ ሲወርድ ሁሉም "አሃ!" ይላሉ። ለዚያች "አሃ" ነበር የምሠራው። ከቬንትሌተር ጠጋኝነት የምወጣው በእሷ ነው ብዬ ነበር።

"ኢንጂነር፣ ማል ታቴ? ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው?" አሉኝ እትዬ ዘሃራ። ሲያሾፉብኝ ኢንጂነር ይሉኛል።

"ሞጁሌን አላውቃትም አለኝ፣ እትዬ።"

"ማን?"

"ኤዲተሩ።"

"የት አስቀምጠሃት?"

"እዚሁ ውስጥ ናታ።"

"እሱስ እዚሁ መሆኗን ነግረኸዋል? እኔ መዝገቤ ጠፋ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ 'የትኛው መደርደሪያ ጋ ቆመህ ነው የፈለግኸው?' ነው የምለው።"

ፈገግ አልኩላቸው። ልጅ ስለ አውሮፕላን ሲያወራ አዋቂ ሰው ፈገግ እንደሚለው። ያ ፈገግታዬ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስካሁን ጆሮዬ ይግላል፤ ሴትዮዋ ችግሩን በመጀመሪያው ቀን፣ ከምሳ በፊት ፈትተውት ነበርና።

እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። ኤዲተሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ከዚያ ጥርጣሬዬ ወደ ስሙ ዞረ፤ "ስሞች" ምናልባት አልጣመውም ብዬ ሞጁሏን "ስም" አልኳት፤ "መዝገብ" አልኳት፤ በኦሮምኛ "መቃ" አልኳት፤ ሁሉንም አላውቅም አለ። ተስፋ ስቆርጥ በእናቴ ስም ዘነበች ብዬ ሰየምኳት። "ዘነበችን ላገኛት አልቻልኩም" አለኝ። ዘጠኝ ልጅ ወልዳ ያሳደገችን ሴት፣ ሰፈሩ በሙሉ በድምጿ የሚያውቃት! እዚህ ላይ ነገሩ ከሥራ አልፎ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ።

ማክሰኞ ኤዲተሩን ከሥሩ ነቅዬ በስልኬ ኢንተርኔት አዲሱን አወረድኩ። ሲወርድ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ፤ መብራት ሲመጣ ከዜሮ ጀመረ። አዲሱ ሲገባ መልኩ ተለውጧል፤ ድሮ የማውቃቸው ቁልፎች ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውረዋል፤ ቀለሙ ጠቁሯል። ቢጫዋ መስመር ብቻ በቦታዋ ናት። እንዲያውም በጥቁሩ ላይ አማረባት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሌላ ነገር ደረስኩበት። ለካ ኮምፒውተሩ ላይ ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች የጫኗቸው ፓይተኖች አሉ።

"አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ። "ሦስት ፓይተን አለ ውስጡ!"

"ፓይተን ምንድነው?" አሉ እትዬ ዘሃራ።

"ኮዱ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ቃሉ ዘንዶ ማለት ነው።"

"አዑዙ ቢላህ!" ብለው እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰበሰቡ። "ሦስት ዘንዶ መዝገብ ቤቴ ውስጥ? በል ሳልሄድ አስወጣልኝ።"

ሁለቱን አጠፋሁ፤ መስመሯ አልጠፋችም። ሦስተኛውንም አጠፋሁ፤ አሁን ፕሮግራሙ ራሱ መሥራት አቆመ። መልሼ ጫንኩት። እንዲህ እያልኩ ስነቅልና ስተክል ኮምፒውተሩ ራሱ ግራ ገባው፤ ሲበራ ይንተባተብ ጀመር። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ያኔ ጥበብ መስሎኝ ነበር። ፎርማት! ሁሉን አጥፍቶ ከባዶ መጀመር። ንጹሕ ማሽን ላይ ቢጫ መስመር አይበቅልም።

እትዬ ዘሃራ የዙሁር ሶላታቸውን ሊሰግዱ፣ በዚያውም ለሩቅያ የሚወስዱትን ዕቃ ሊገዙ ወጥተዋል። ብጠብቃቸው አንድ ሰዓት ነው። ደውዬ ብጠይቃቸው አንድ ደቂቃ ነው። አልጠበቅሁም፣ አልደወልኩም። እኔ ግን ጥንቁቅ ሰው ስለሆንኩ የእሳቸውን ነገር ልገለብጥላቸው ዴስክቶፑን አየሁ። "የኔ ዝርዝር" የምትል ምልክት አለች። ከጥጓ ትንሽ ቀስት አለባት። ያች ቀስት "ይህ ፋይሉ ራሱ አይደለም፣ ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ሾርትከት ነው" ማለት እንደሆነች ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ሥልጠና የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ቀስቷን አሳድጌ ስዬ፣ "ይህን ብቻ ገልብጦ ሥራዬን አተረፍኩ የሚል ሰው አደራችሁን እንዳላይ" ብዬ ሁሉንም አስቄያለሁ።

ያችን ሾርትከት ፍላሼ ላይ ገለበጥኳት። ባንድ ጊዜ ተገለበጠች። እንዴት ቀላል ናት ብዬ ተደስቼም ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩ "ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ?" ሲለኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉን እንደ አዲስ ጭኜ፣ ፍላሼ ላይ ያስቀመጥኳቸውን ሞጁሌንና የመዝገቡን ስሞች አስገብቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩ። እኔ ሙስሊም አይደለሁም፤ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ሦስት ቀን ስውል ተጋብቶብኝ ነው። ቢጫዋ መስመር እዚያው ናት።

አቶ ጀማል ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው፣ ከሰኞ ጀምሮ በኩራት ያልሠራሁትን ሠራሁ፤ አንድ የባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅሁ። አንድ የማላውቀው ሰው ወዲያው መለሰልኝ። "ፕሮግራሙ የሚያገኛት ሲሄድ ፎልደሯን አንተው በኮድ ስለምትነግረው ነው። ኤዲተሩ ግን ኮዱን አያስኬደውም፣ ያነበዋል ብቻ፤ የት እንደሆነች አያውቅም። ሴቲንጉ ላይ የፎልደሯን አድራሻ ጻፍለት።" አንድ መስመር ጻፍኩ። ቢጫዋ ጠፋች። ነጥብ አደረግሁ፤ ዝርዝሩ ወረደ። የትኛው መደርደሪያ ጋ እንደሚቆም አልነገርኩትም ነበር፤ በቃ፣ ይኸው ነበር።

እነ አቶ ጀማል ገቡ። ከበሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ለጡረታ ጉዳያቸው መዝገባቸውን ፈልገው በጠዋት ከሰንበቴ የመጡ ናቸው።

"እንዲያውም በሼኹ እንሞክረው" አሉ አቶ ጀማል። "ሼህ፣ ስምዎን ይንገሩት።"

"መሐመድ አህመድ" አሉ ሽማግሌው።

የሞጁሌን ስም ጻፍኩ። ትንፋሼን ውጬ ነጥቧን ጠቅ አደረግሁ። ዝርዝሩ ወረደ፤ እንዴት አምሮ እንደወረደ! ዞር ብዬ አየሁ። አቶ ጀማል ስልካቸውን እያዩ ነው። አንዱ የክፍል ኃላፊ አዛጋ። "አሃ" ያለ ሰው የለም።

ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ሠላሳ ሰባት መሐመድ አህመድ ወጣ፤ ሁሉም በአንድ ፊደል፣ በአንድ አጻጻፍ፣ እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው።

"ጎበዝ" አሉ አቶ ጀማል። "የትኛው ናቸው?"

ሼኹም ከአግዳሚው ተነስተው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና "እኔ የትኛው ነኝ?" ብለው ጠየቁኝ። ሲቀልዱ አልነበረም፤ ይህ ዕቃ ያውቀኛል ብለው ከልባቸው ነው የጠየቁት። በፊት እኮ በአጻጻፋቸው ስህተት እንኳ ትንሽ ይለያዩ ነበር፤ አሁን ሠላሳ ሰባቱንም አንድ አድርጌያቸዋለሁ።

"አብሽር፣ አብሽር" አሉ እትዬ ዘሃራ ከኋላ። "ዝርዝሬን ክፈትልኝ፣ እዚያ ላይ አሉ።"

ከፍላሼ የመለስኳትን ባለቀስቷን ምልክት ነካኋት። "ይህ ፋይል ተዛውሯል ወይም ጠፍቷል" የሚል ጽሑፍ ወጣ። እንደገና ነካኋት። ሦስተኛ ነካኋት። እትዬ ዘሃራ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አነበቡት፤ ቀጥሎ ፊቴን አነበቡት። ወደ ሼኹ ዞሩ።

"ሼኹ፣ አንቱ ወንድምዎን እግሩ ተሰብሮ ይዘውት የመጡት አይደሉም? እዚህ በር ላይ ዝናብ የያዛችሁ?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ! እንዴት አወቅሽኝ?"

ወደ መደርደሪያው ሄደው፣ ሁለት መዝገብ ፈንቅለው፣ ሦስተኛውን አወጡና ሰጧቸው። ሼኹ መረቋቸው። ማሳያው በዚሁ አበቃ።

ሰዎቹ ሲወጡ እትዬ ዘሃራ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

"ጠፋ?"

"ጠፋ፣ እትዬ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ቢቆጡኝ ምን ነበረበት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣቶቻቸውን አዩአቸው፤ ሁለቱን የሚጽፉባቸውን። "ኢና ሊላሂ" አሉ በዝግታ። ሰው ሲሞት የሚባለውን ነው ያሉት።

አርብ ዕለት የጠፋ ፋይል ይመልሳል የሚባል ሶፍትዌር አመጣሁ። ስማቸው በቁጥር የተተካ ብዙ መቶ ፋይሎች አወጣልኝ፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰርግ ፎቶ፣ ያረጀ ደብዳቤ፣ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ የሆነ ጽሑፍ። ከእሳቸው ዝርዝር የተረፈው "ሙላ ሲባል የሚቆጣው" የምትል ቁራጭ ናት። ማን እንደሚቆጣ የሚለው ክፍል የለም።

አቶ ጀማል ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ ዘሃራ ይሂዱ፣ ዝርዝሩን እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

"ጥፋቱስ ያንተ ነው" አሉኝ፤ "ጭንቅላቱ ግን የእሳቸው ነው። በምንህ ትሠራዋለህ?"

እትዬ ዘሃራን ባቲ ሆነው በስልክ ይንገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለእኔ ትዝ የሚለኝ መዝገቡን በእጄ ስይዘው ነው። ባዶ እጄን ብትጠይቀኝ የልጄ ስምም ይጠፋኛል።" እና ቀሩ። ለቅዳሜ የተሸከፈው ጓዛቸው መዝገብ ቤቱ ጥግ መጥቶ ተቀመጠ፤ ባለቀ ዕለት ከዚሁ እነሳለሁ ብለው ነው።

ከዚያው አርብ ከሰዓት ጀምሮ አሥራ ሁለት የሥራ ቀን ፈጀብን። እሳቸው መዝገቡን ያወጣሉ፣ ይከፍታሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ፤ ከዚያ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። "ይሄ ሲመጣ ሁልጊዜ ሙዝ ይዞ የሚመጣው ነው። ይሄ ደግሞ ሚስቱ ናት የምትናገርለት፤ እሱ ዝም ነው። ይሄን… ይሄን ትቼዋለሁ፣ ሞቷል፤ ልጆቹ ግን ይመጣሉና ጻፈው።" አንዳንዱ ላይ መዝገቡን ይዘው ብዙ ቆይተው "ጠፋኝ" ይሉና መልሰው ያስቀምጡታል። ያኔ ቀና ብዬ አላያቸውም። በፊት የጻፉትን ሁሉ እንዳላገኙት ሁለታችንም እናውቃለን። የእኔ ፕሮግራም ቢሆን ስም ብቻ ነበር የሚነግረኝ፤ አሁን መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው ሁሉ በምኑ እንደምጽፈው አስባለሁ። ቁም ነገሩ ግን የእኔ መማር አልነበረም፤ የሚማርበት ሌላ ጊዜ ሞልቶ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ረፋዱ ላይ ስልካቸው ጮኸ። አንድ መዝገብ በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው አነሱት። ከወዲያ በኩል የሴቶች እልልታ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። ደህና ናት? ወንድ? … ማን አለ አጠገቧ? … እሺ። እሺ፣ ንገሯት፤ እናትሽ…" ብለው ቆሙ። "ንገሯት፣ እመጣለሁ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። አሜን አሉኝ። ከዚያ የያዙትን መዝገብ አዩና "ኢቲ ፉፊ። ቀጥል፤ የት ደረስን?" አሉ።

"እትዬ፣ አሁኑኑ ይሂዱ። የቀረው ይቅር።"

"ሁለት መደርደሪያ ነው የቀረው። ለአቶ ጀማል ቃል ሰጥቻለሁ" አሉኝ። የያዙትን መዝገብ እየከፈቱ ደግሞ "አሁንማ ወለደች፤ አሁን ብሮጥ የምደርሰው ለምኑ ነው?" አሉ።

የዚያን ሰውዬ ስም ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት።

ሰኞ ጨረስን። ማክሰኞ አስፈቅጄ ጓዛቸውን ተሸክሜ አብሬያቸው ሄድኩ፤ እምቢ ቢሉኝም ከኋላ ተከትዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እስከ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ቁልቁል ወደ ባቲ፤ መስኮቱ ሲከፈት ትኩስ አየር፣ ሲዘጋ የሰው ትንፋሽ። የሰኞው ገበያ ተበትኖ ሜዳው ላይ ፋንድያና የተበጠሰ ገመድ ብቻ ቀርቷል። መንገድ ሙሉ ሩቅያ ስትጠይቀኝ ምን እንደምል ስለማመድ ነበር። "የቴክኒክ ብልሽት አጋጥሞን" የሚለው ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ሩቅያ ቤት ግቢው ውስጥ ለነገው አቂቃ፣ ለሕፃኑ ስም ማውጫ፣ የተገዛ በግ ታስሯል። እትዬ ዘሃራ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው ልጃቸውን አቀፏት። ብዙ ቆዩ። እኔ ጓዙን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። የሩቅያ አማት "ግባ እንጂ" ብለው ወንበር ሰጡኝ።

"ምን ያዘሽ፣ እማ?" አለች ሩቅያ።

"ሥራ ነው ልጄ። መዝገብ ቤት ሥራ በዛ።"

እኔን አላዩኝም። ስሜን አላነሱም። እዚያው ላይ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። የተለማመድኩት ሁሉ ግን አፌ ላይ ጠፋ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የእናትሽን ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱን መልሰን ስንጽፍ ነው የቀሩት።"

ሩቅያ ልጇን እንዳቀፈች አየችኝ። የእናቷ ዓይን ነው ያላት፤ ሰውን መዝግቦ የሚያስቀምጥ።

"ስንት ቀን ፈጀባችሁ?"

"አሥራ ሁለት።"

ራሷን ነቀነቀች። "እኔ የምፈልጋት ለአንድ ቀን ነበር" አለች።

"ሩቅያ!" አሉ እትዬ ዘሃራ።

"አልተቆጣሁም እማ። እንዲያው ልንገረው ብዬ ነው።"

እውነትም ቁጣ የለባትም። አማቲቱ የገንፎውን ሳህን ከፊቴ አስቀመጡልኝና "ብላ፣ አታፍር" አሉኝ። ገና ከእሳት መውረዱ ነው፤ አንድ ማንኪያ ሞልቼ ጎረስኩ። ምላሴ ተላጠ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሦስቱም ያዩኛል።

"አቃጠለህ?" አሉ እትዬ ዘሃራ።

"ኧረ ደህና ነው" አልኩና ዋጥኩት።